የአንደኛ ዓመት ተማሪ ማደሪያን ማን ይመርጣል?

ወደ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገባ ወጣት፣ የትምህርት መስኩን እንኳ አጥርቶ ከመምረጡ አስቀድሞ አንድ ሌላ ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ ይኸውም «የት ታድራለህ?» የሚለው ነው። ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ይመስላል። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መስኮትና አንድ የክፍል ጓደኛ ለማግኘት ብዙ መመራመር ምን ያስፈልጋል ያሰኛል። የዩኒቨርሲቲዎችን ታሪክ ላጤነ ሰው ግን፣ ይህ ትንሽ የሚመስለው ምርጫ ሀብታሙን ከድኻው፣ ነጩን ከጥቁሩ፣ አዲሱን ከነባሩ ሲያገናኝ ወይም ሲለያይ የኖረ ብርቱ ጉዳይ ሆኖ ይገኛል። ጉዳዩ ከእኛ ሙያ የራቀ አይደለም። የተማሪው ምርጫ ምን እንደሚሆን ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚወስነው ሕንፃውን የነደፈውና የገነባው ባለሙያ ነውና።

ታሪኩን ለመከታተል እንዲያመች፣ በዚህ ጽሑፍ በአሜሪካ አገር፣ በማሳቹሴትስ ክፍለ ሀገር፣ በኬምብሪጅ ከተማ የሚገኙትን ሁለት ጎረቤታሞች እንመለከታለን፤ እነዚህም የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲና በምሕፃረ ቃል ኤም. አይ. ቲ. የሚባለው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ናቸው። ሁለቱም በአንድ ወንዝ ዳር ተቀምጠው፣ በማደሪያ ጉዳይ ግን ተቃራኒ መንገድ ይዘው ተጉዘዋል። አንደኛው አዲስ ተማሪውን ራሱ ሲመድብ፣ ሁለተኛው «ራስህ ምረጥ» ሲል ኖሯል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ገንዘብ የመረጠበት ዘመን

ሃርቫርድ በ1636 ከተመሠረተ ጀምሮ ለረጅም ጊዜ ተማሪዎቹን ያሳድር የነበረው «ያርድ» በሚባለው የመጀመሪያ ግቢው ውስጥ ነው። በ1720 የተፈጸመው የማሳቹሴትስ ሕንፃና በ1763 የተሠራው ሆሊስ ሕንፃ እስከ ዛሬ ድረስ በዚያው ግቢ ቆመው ይታያሉ። ከ1869 እስከ 1909 ድረስ ዩኒቨርሲቲውን የመሩት ቻርልስ ኤልየት ትንሹን ኮሌጅ ወደ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ያሳደጉ፣ ተማሪው የሚወስደውን ትምህርት ራሱ እንዲመርጥ ያደረጉ ሰው ናቸው። ሆኖም አርአያቸው በአብዛኛው የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ስለነበሩ፣ ተማሪው የትና እንዴት ያድራል የሚለውን ነገር እንደ ዩኒቨርሲቲው ዋና ሥራ አልቆጠሩትም። የተማሪው ቁጥር እየጨመረ ሲሄድ የአልጋው ቁጥር በዚያው ልክ አልጨመረም።

ይህን ክፍተት የሞሉት ነጋዴዎች ናቸው። በማውንት ኦበርን ጎዳና ግራና ቀኝ ክላቨርሊ በ1893፣ ከዚያም ራንዶልፍና ዌስትሞርሊ የተባሉ የግል ማደሪያዎች ተከታትለው ተሠሩ። በእነዚህ ቤቶች የእንፋሎት ማሞቂያ፣ የግል መታጠቢያ ክፍል፣ በዌስትሞርሊም የመዋኛ ገንዳ ሳይቀር ይገኝ ነበር። በአንጻሩ በያርዱ ውስጥ በነበሩት አሮጌ ሕንፃዎች የቧንቧ ውሃ ወደ ላይኞቹ ፎቆች አይደርስም ነበር። ከዚህም የተነሣ ገንዘብ ያለው ወደ ጎዳናው ወጣ፤ የሌለው በያርዱ ቀረ፤ ወይም በከተማው ውስጥ ርካሽ ክፍል ይከራይ ጀመር። ሕዝቡም ያንን ሰፈር «ጎልድ ኮስት»፣ ማለትም የወርቅ ጠረፍ አለው።

በ1900 ከአንድ የታወቀ የግል ትምህርት ቤት የመጣ አንድ የአሥራ ስምንት ዓመት ወጣት፣ ከትምህርት ቤት ጓደኛው ጋር በዌስትሞርሊ ሰፊ ክፍሎች ተከራይቶ እስከ 1904 ድረስ እዚያው ኖረ። ይህ ወጣት ኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ፍራንክሊን ሩዝቬልት ነበር። ማደሪያውን የመረጠው እርሱና ቤተሰቡ ናቸው፤ የከለከላቸውም የለም። በዚያው ዓመት አባቱ ኪራዩን ሊከፍል የማይችል ሌላ ተማሪም በሕግ ረገድ እንዲሁ ነፃ ነበር። ነፃነቱ ግን ከቦርሳው አፍ አላለፈም። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ሁለቱን ተማሪዎች የለያያቸው የዩኒቨርሲቲው ደንብ ሳይሆን የማሞቂያ ጋንና የውሃ ቧንቧ መሆኑ ነው። አንደኛው ሕንፃ ሙቀትና ውሃ ሲኖረው ሁለተኛው ባይጎድለው ኖሮ፣ ምርጫው የዚህን ያህል መለያ አጥር ባልሆነም ነበር።

ዩኒቨርሲቲው የመረጠበት ዘመን

በ1909 የኤልየትን ወንበር የተረከቡት አቦት ሎረንስ ሎዌል ይህን መለያየት አጥብቀው የነቀፉ ሰው ነበሩ። ከግል ትምህርት ቤት የመጣውና ከሕዝብ ትምህርት ቤት የመጣው በአንድ ደረጃ ካልወጡ፣ በአንድ ገበታ ካልበሉ፣ ኮሌጁ የአንድ ትውልድ ማፍሪያ ሊሆን አይችልም ብለው ያምኑ ነበር። ስለሆነም በቻርልስ ወንዝ ዳር ጎር፣ ስታንዲሽና ስሚዝ የተባሉ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ብቻ የተዘጋጁ አዳራሾች ተሠርተው በ1914 ተከፈቱ። ከወላጆቻቸው ቤት ከሚመላለሱትና ፈቃድ ከተሰጣቸው ጥቂቶች በቀር አዲስ ገቢ ሁሉ በእነዚህ እንዲያድር ታዘዘ። እነሆ፣ ምርጫው ከቦርሳ ወጥቶ በዩኒቨርሲቲው እጅ ገባ።

ይሁን እንጂ መራጩ እጅ ሲለወጥ ፍርዱ ሁልጊዜ ይቀናል ማለት እንዳልሆነ ብዙም ሳይቆይ ታየ። ሮስኮ ኮንክሊንግ ብሩስ በ1902 ከሃርቫርድ የተመረቁ ጥቁር መምህርና የትምህርት አስተዳዳሪ ነበሩ። አባታቸው ብላንሽ ብሩስ በባርነት ተወልደው የአሜሪካ ሴኔት አባል እስከ መሆን የደረሱ ሰው ናቸው። ሮስኮ ብሩስ ልጃቸው በአዲሶቹ አዳራሾች እንዲያድር በ1922 ማመልከቻ ቢያቀርቡ፣ ከሎዌል የተሰጣቸው መልስ አሳዛኝ ሆነ። የመልሱም ፍሬ ነገር፣ በአዳራሾቹ ማደር ግዴታ ስለሆነ ነጮችን ከጥቁሮች ጋር እንዲኖሩ ማስገደድ አይቻልም የሚል ነበር። ሀብታምን ከድኻ ለማቀላቀል የተሠራው ቤት በቆዳ ቀለም በሩን ዘጋ፤ አንድ የሚያደርገው ግዴታ ራሱ ለማግለል ሰበብ ሆነ። በምሩቃንና በጋዜጦች ዘንድ ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ፤ የዩኒቨርሲቲው የበላይ ተቆጣጣሪ ጉባኤም በ1923 ማንም በቀለሙ ምክንያት እንዳይከለከል ወሰነ። ነገር ግን ያው ውሳኔ የሁለቱ ዘር ሰዎች አብረው እንዲኖሩና እንዲበሉ እንዳይገደዱ የሚል ቃል ጨመረበት፤ ስለዚህ በሩ የተከፈተው በግማሹ ነው ማለት ይቻላል።

ሦስተኛው ለውጥ የመጣው በ1928 ነው። ኤድዋርድ ሃርክነስ የተባሉ ባለጸጋ፣ ነባር ተማሪዎች ከመምህራን ጋር የሚኖሩባቸው «ሐውስ» የተባሉ ትልልቅ ማደሪያዎች እንዲሠሩ እጅግ ከፍ ያለ ገንዘብ ለገሱ። የመጀመሪያዎቹ በ1930 ተከፈቱ፤ በ1914 የተሠሩት አዳራሾችም በ1931 የእነዚሁ ክፍል ሆኑ። የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ደግሞ ሀብታሞች ሸሽተውት ወደ ነበረው ወደ አሮጌው ያርድ ተመለሱ። ከ1972 ጀምሮም ሴቶች የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች በዚሁ ግቢ ማደር ጀመሩ። የሃርቫርድ አዲስ ገቢ ዛሬም ማደሪያውን አይመርጥም። ስለ እንቅልፉ ሰዓት፣ ስለ ጥናት ልማዱና ስለ ዝንባሌው የሚጠይቅ ቅጽ ሞልቶ ይልካል፤ የምደባው ሹማምንትም አይተው ይመድቡታል።

በሁለተኛው ዓመት ወደ ሐውስ ሲዛወር ግን ምርጫ ለብዙ ዘመን ተፈቅዶለት ነበር። ከዚህም የተነሣ አንዱ ሐውስ የስፖርተኞች፣ ሌላው የጥበብ ሰዎች እየተባለ እያንዳንዱ የየራሱን ስም አወጣ፤ ተማሪውም የሚመስለውን እየፈለገ ተሰባሰበ። ዩኒቨርሲቲው ይህን ባለመውደዱ ከ1996 ወዲህ ምደባው በዕጣ ሆነ።

ተማሪው የመረጠበት ግቢ

ኤም. አይ. ቲ. ከቦስተን ወንዙን ተሻግሮ ወደ ኬምብሪጅ የመጣው በ1916 ነው። የራሱ ማደሪያዎች ለረጅም ጊዜ ጥቂት ስለነበሩ፣ ፍራተርኒቲ የሚባሉት የወንድማማችነት ማኅበራት ከአዲስ ገቢዎች ብዙውን በየቤታቸው ያሳድሩ ነበር። ተማሪው ግቢውን በረገጠ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቤቶቹን እየዞረ ይጎበኛል፤ ይጋበዛል፤ ይመርጣል፤ ይመረጣልም። የዚህ ልማድ ደጋፊዎች ወጣቱን ራሱን ያስችለዋል፣ የራሱን ወገን ያስገኝለታል ይሉ ነበር። ንግግራቸውም መሠረት አልነበረውም አይባልም። ሆኖም ከትምህርት ገበታው ገና ያልተቀመጠ፣ ከተማውን እንኳ ያላወቀ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ፣ በሳምንት ውስጥ የሚያደርገው ምርጫ ምን ያህል ምርጫ ነው የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ቆየ።

በመስከረም 1997 አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ከእነዚህ ማኅበራት በአንዱ ቤት ከመጠን ያለፈ መጠጥ ጠጥቶ ሞተ። የተቋሙ ፕሬዚዳንትና በሙያቸው መካኒካል መሐንዲስ የነበሩት ቻርልስ ቬስት፣ ወደፊት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሁሉ በግቢው ማደሪያዎች እንዲኖር በ1998 አሳወቁ። ውሳኔው ግን ወዲያው አልተፈጸመም። የሚያድሩበት ቤት አልነበረምና እስከ 2002 መጠበቅ ግድ ሆነ። በዚያ ዓመት በስቲቨን ሆል የተነደፈው፣ 350 ያህል ተማሪ የሚይዘው ባለ 10 ፎቅ ሲመንስ ሆል ተከፈተ፤ ደንቡም በሥራ ላይ ዋለ። ደንብ በወረቀት ላይ በአንድ ቀን ይወጣል፤ አልጋ ግን መሠረት ተቆፍሮ፣ ኮንክሪት ተሞልቶ፣ ጣራ ተከድኖ ነው የሚገኘው። ሆኖም ተቋሙ ምርጫን ጨርሶ አልሻረም። አዲስ ገቢዎች ከግቢው ማደሪያዎች መካከል የሚሹትን በቅደም ተከተል ጽፈው ያቀርባሉ፤ ዕጣም ይወጣል።

ንድፍ የሚመርጠው

ከቦርሳው፣ ከዩኒቨርሲቲውና ከተማሪው በተጨማሪ ብዙ ጊዜ የማይጠቀስ አራተኛ መራጭ አለ፤ እርሱም ንድፉ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሊዮን ፌስቲንገር፣ ስታንሊ ሻክተርና ከርት ባክ የተባሉ ተመራማሪዎች በኤም. አይ. ቲ. ባለትዳር ተማሪዎች ይኖሩበት የነበረውን የዌስትጌት ሰፈር አጥንተው ውጤቱን በ1950 አሳተሙ። ነዋሪዎቹ ቤት የተሰጣቸው በጎረቤት ምርጫ ሳይሆን ክፍት ቦታ በተገኘ ጊዜ ነበር። በአንድ ፎቅ ላይ አምስት ቤቶች ተደርድረው በሚገኙበት ሕንፃ፣ በር ለበር ከሚዋሰኑት መካከል 41 በመቶ ያህሉ ወዳጆች ሆነው ተገኙ። አንድ በር ሲዘለል ቁጥሩ ወደ 22 በመቶ፣ በሁለቱ ጫፎች በሚኖሩት መካከል ደግሞ ወደ 10 በመቶ ወረደ። ከታች ሆኖ ደረጃው አጠገብ የሚኖር ሰው ከላይኛው ፎቅ ነዋሪዎች ጋር ከሌሎቹ ይበልጥ ተወዳጀ። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚለው የአባቶቻችን ቃል በሜትር ተለክቶ እንደ መገኘት ነው። ደረጃውን እዚያ ያቆመው ንድፍ አውጪ የሰዎችን ወዳጅነት እየነደፈ መሆኑን አስቦበት ይሆን?

የክፍል ጓደኛም ነገር እንዲሁ ነው። ብሩስ ሳሰርዶቴ የተባሉ የኢኮኖሚክስ ሊቅ በዳርትማውዝ ኮሌጅ በዕጣ የተመደቡ የአንደኛ ዓመት የክፍል ጓደኛሞችን አጥንተው በ2001 እንዳሳተሙት፣ አብሮ አዳሪው በተማሪው ውጤትና በየማኅበሩ በመግባቱ ላይ ተጽዕኖ አለው፤ በትምህርት መስክ ምርጫው ላይ ግን ተጽዕኖ አልተገኘበትም። እንግዲህ ወላጅ «ልጄ ከማን ጋር ያድራል?» ብሎ ቢጨነቅ ከንቱ ጭንቀት አይደለም።

ከታሪኩ የሚገኘው ትምህርት

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል። ክርክሩ ዘወትር «ተማሪው ይምረጥ ወይስ ይመደብ?» በሚለው ላይ ሲሽከረከር ኖሯል። ሁለቱም ግን ተሞክረው ሁለቱም በድለዋል። በጎልድ ኮስት ምርጫ ነበረ፤ ድኻው ተገለለ። በ1914ቱ አዳራሾች ምደባ ነበረ፤ ጥቁሩ ተገለለ። ስለዚህ የነገሩ ሥር ያለው ከመራጩ ማንነት ይልቅ በሁለት ነገሮች ላይ ይመስለኛል፤ አንደኛ፣ የሚመረጡት ሕንፃዎች በውሃ፣ በሙቀት፣ በብርሃንና በደኅንነት የተቀራረቡ መሆናቸው፤ ሁለተኛ፣ በራቸው ለገባው ተማሪ ሁሉ እኩል ክፍት መሆኑ። እነዚህ ሁለቱ ከተሟሉ ተማሪው ቢመርጥም ጉዳት የለውም፤ በዕጣ ቢደርሰውም አያማርርም። ካልተሟሉ ግን የቱንም ያህል የተራቀቀ የምደባ ደንብ ቢወጣ፣ መጥፎውን ክፍል ለአንድ ሰው ከመስጠት አያመልጥም።

ከሁለቱ ሁለተኛው የአስተዳዳሪዎች ኃላፊነት ነው፤ አንደኛው ግን የእኛ ነው። ከማኅበራችን አባላት ብዙዎቻችን ማደሪያችንን ያወቅነው በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈ ዝርዝር ውስጥ ስማችንን ፈልገን ነው። ዛሬ ደግሞ ከመካከላችን የተማሪ ማደሪያ የሚነድፉ፣ የውሃ መስመሩን የሚያሰሉ፣ ሥራውን የሚቆጣጠሩ አሉ። በውጭ አገር የሚኖሩ ባልደረቦቻችንም የልጆቻቸውን የማደሪያ ቅጽ አብረው እየሞሉ ነው። ለቅጹ ሞይዎች የሚሰጠው ምክር አጭር ነው፤ ከሕንፃው ስምና ዝና ይልቅ ደረጃው፣ መታጠቢያውና የጋራ ክፍሉ የት እንዳሉ ይጠይቁ፤ ልጃቸው ማንን በየቀኑ እንደሚያገኝ የሚነግራቸው ይኸው ነውና። ለነዳፊዎቹ ግን ምክር ሳይሆን አደራ ነው። በግፊት ማነስ ምክንያት ውሃ የማይደርሰው አራተኛ ፎቅ፣ ብርሃን የማያገኘው የመተላለፊያ ጫፍ፣ ለብቻው የተነጠለው ክፍል፣ ሁሉም አንድ ቀን በዝርዝር ላይ ከአንድ አዲስ ተማሪ ስም ጎን ይጻፋል። ያ ተማሪ ማን እንደሚሆን አናውቅም፤ የሚያድርበትን ክፍል ግን በወረቀት ላይ ሳለ እናየዋለን፤ ልናርመው የምንችለውም ያን ጊዜ ነው።