ከአስኳሉ ወይስ ከፅንሱ?

ከዶሮ የኩስ መውጫ በላይ የምትገኘውን ትንሽ ከረጢት፣ ቡርሳን፣ የፓዱዋው ሐኪም ፋብሪሲየስ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1621 የታተመው መጽሐፉ ገልጿታል፤ እሱ ግን የአውራ ዶሮ ዘር ማጠራቀሚያ መስላው ነበር። ተግባሯ ሳይገለጥ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ አለፈ። በ1956 ብሩስ ግሊክና ባልደረቦቹ፣ በጫጩትነታቸው ቡርሳቸው የወጣ ዶሮዎች ፀረ እንግዳ አካል የማምረት አቅማቸው በእጅጉ እንደሚዳከም አሳተሙ፤ በ1965 ደግሞ ኩፐር፣ ፒተርሰንና ጉድ የቡርሳን ድርሻ ታይመስ ከተባለው ሌላ የመከላከያ አካል ድርሻ ለዩ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን መዝገብ ግን ረጋ ብለን ልንመዝነው ይገባል። ሊምፎሳይቶች፣ ማለትም ለሰውነት መከላከያ የሚሠሩት ነጭ የደም ሕዋሳት፣ ወደ ቡርሳ የሚገቡት ከየት ነው? የቀደሙት ብዙዎች የከረጢቷ ሽፋን ሕዋሳት ራሳቸው እዚያው ይለወጣሉ ይሉ ነበር። ሙርና ኦወን በ1960ዎቹ የሁለት ፅንሶችን የደም ሥር አገናኙ፤ አንዱ ወንድ ሌላው ሴት ሲሆን በክሮሞዞማቸው ስለሚለዩ፣ የአንዱ ሕዋሳት በሌላው ቡርሳና ታይመስ ውስጥ ሰፍረው ታዩ። ሕዋሳቱ በደም ተጉዘው እንደሚደርሱ በዚህ ታወቀ፤ ይህም ድምዳሜ ጸንቷል። ተመራማሪዎቹ ግን አንድ እርምጃ አልፈው፣ የመጀመሪያዎቹ የደም ሕዋሳት የሚታዩበትን የአስኳል ከረጢት የሁሉ ምንጭ አደረጉት።

ሌላው ምስክርነት ከፈረንሳይ መጣ። ኒኮል ለ ዱዋረን በ1969 እንዳስተዋለችው፣ የድርጭት ሕዋስ ኒውክሊየስ በፎይልገን ቀለም ሲነከር መሐሉ ላይ ጎልቶ የሚታይ ድቡልቡል ያሳያል፤ የዶሮው ግን የተበተነ ነው። በዚህ ምልክት ተመርታ ፍራንስዋዝ ዲተርለን-ሊዬቭር የደም ሥሮች ከመገናኘታቸው በፊት የድርጭት ፅንስን በዶሮ አስኳል ከረጢት ላይ ተከለች። በ1975 እንዳሳተመችው፣ በታይመስም በቡርሳም የሰፈሩት ሕዋሳት የድርጭት፣ ማለትም ከፅንሱ አካል የመነጩ ነበሩ።

ሁለቱ መዛግብት የሚጋጩት በታየው ነገር ሳይሆን ከታየው በተወሰደው ፍርድ ነው ብለን እናምናለን። የተጣመረ ደም ጉዞን ይመሰክራል እንጂ መነሻን አይለይም፤ ፅንሱና የአስኳሉ ከረጢት የሚካፈሉት አንድ ደም ነውና። በዲተርለን-ሊዬቭር ሥራ ላይም ተገቢ ጥርጣሬ ይነሳል፦ ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ሲጣመሩ የአንዱ ሕዋሳት በሌላው ውስጥ ተቸግረው ቢሆንስ? ጥርጣሬውን ያቀለለው በ1978 የላሲላና የባልደረቦቹ ሙከራ ነው። የዶሮን ፅንስ በሌላ ዶሮ አስኳል ከረጢት ላይ ተክለው፣ ሙርና ኦወን በተጠቀሙበት በዚያው የፆታ ክሮሞዞም ምልክት ሲፈትሹ፣ ሊምፎሳይቶቹን የወለዱት ሕዋሳት የፅንሱ ሆነው ተገኙ። ለአስኳሉ ከረጢት የቀረለት ድርሻም ቀላል አይደለም፤ ፅንሱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚኖርባቸው ቀይ የደም ሕዋሳት የሚመነጩት ከእሱ ነው።