ሰባት ወንበሮች

ለዘንድሮው መገናኛችን ከተላከልን አጀንዳ ላይ ተራ ቁጥር 6ን ሁላችሁም አይታችኋታል። የማኅበራችን የነፃ ትምህርት ዕርዳታ ከእንግዲህ «ቢያንስ አንድ ወላጁ የዩኒቨርሲቲያችን ምሩቅ ለሆነ ተማሪ» ብቻ ይሰጥ የምትለዋን ማለቴ ነው። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ሳነባት «ታዲያ ምን አለበት?» ብዬ ነው ያለፍኳት። ገንዘቡ የኛ፣ ልጆቹም የኛ። አንድ ነገር ትዝ ያለኝ ኋላ ነው። የመጽሔቱ አዘጋጆች «ስብሰባው ቴክሳስ ነውና ስለ ቴክሳስ ታሪክ አንድ ነገር ጻፍልን» ብለውኝ ነበር። ስለ አላሞና ስለ ነዳጁ የሚጽፍ አይጠፋም ብዬ እኔ የአንዲት ትንሽ ከተማ ትምህርት ቤት ቦርድን መረጥኩ። በዚያች ከተማ ልክ እንደ ተራ ቁጥር 6 ያለች አንዲት ዓረፍተ ነገር ወጥታ ነበር፣ ያውም በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር። (ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ከተማዋ ክሪስታል ሲቲ ትባላለች። ከሳን አንቶኒዮ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሁለት ሰዓት ያህል ተነድቶ፣ ወደ ሜክሲኮ ድንበር ሲጠጋ፣ ዛቫላ ካውንቲ ውስጥ ትገኛለች። በብርዱ ወራት እንኳ አትክልት የሚያበቅል መሬት ነው። በተለይ ስፒናች፣ የኛን ቆስጣ የሚመስለው ማለት ነው። ራሷን «የዓለም የስፒናች ዋና ከተማ» ብላ የሰየመች ከተማ ናት። በ1937 ስፒናች እየዋጠ ጉልበት ለሚያገኘው ለካርቱኑ ለፖፓይ ሐውልት አቁማለች። በ1970 የሕዝቧ ቁጥር ወደ 8,000 ሲሆን፣ ከአምስቱ ሰው አራቱ የሜክሲኮ ዝርያ ያለው ነበር። መሬቱ፣ ባንኩና ሱቁ ግን በአብዛኛው የአንግሎዎቹ ነው (እዚያ አገር ነጮቹን እንዲህ ይሏቸዋል)። ሌላው ሕዝብ እርሻው ላይና በዴል ሞንቴ የቆርቆሮ ምግብ ፋብሪካ ይሠራል። ፀደይ ሲገባ ደግሞ ብዙው ቤተሰብ በጭነት መኪና ተጭኖ ስኳር ቢቱንና ሌላውን ሰብል ለመሰብሰብ ወደ ሰሜን ስቴቶች ይሄዳል፤ የሚመለሰው በመኸር ነው። ልጆቹ ትምህርት ሳይዘጋ ይወጣሉ፣ ከተከፈተ በኋላ ይገባሉ። እንዲህ ሆኖ ሁለተኛ ደረጃን የሚጨርስ ልጅ ብርቅ ነው።

እዚህ አገር ልጅ ያሳደግን ሰዎች እንኳ ስኩል ዲስትሪክት ምን እንደሆነ በቅጡ አናውቅም። ትምህርት ለኛ ከሚኒስቴሩ ተነሥቶ ወደ ታች የሚወርድ ነገር ነው። ቴክሳስ ውስጥ ግን ከ1,000 በላይ ዲስትሪክቶች አሉ፤ እያንዳንዱም ከማዘጋጃ ቤቱ የተለየ፣ ራሱን የቻለ ትንሽ መንግሥት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የንብረት ግብር ይጥላል፣ ሱፐርኢንቴንደንት ይሾማል ይሽራል፣ መምህር፣ ወጥ ቤትና የአውቶቡስ ሾፌር ይቀጥራል። በላዩ ያለው የተመረጠ ቦርድ ነው። በክሪስታል ሲቲ የቦርዱ አባላት ሰባት ነበሩ፤ ደመወዝ የላቸውም። ሰባቱ ደግሞ በአንድ ጊዜ አይመረጡም። በየዓመቱ ኤፕሪል ውስጥ ሁለት ወይ ሦስት ወንበር ብቻ ነበር ለምርጫ የሚቀርበው። ስለዚህ በአንድ ቀን ሆይ ሆይታ ቦርዱ አይገለበጥም፣ አንድ ዓመት ተሸንፎ ተስፋ የቆረጠ ደግሞ መቼም አያገኘው።

ሕዝቡ ብዙ ሆኖ ሳለ ወንበሩ ለምን የጥቂቶች ሆነ? አንዱ ምክንያት የምርጫ ግብር ነው። ቴክሳስ ውስጥ ድምፅ ለመስጠት በዓመት 1 ዶላር ከ75 ሳንቲም ይከፈል ነበር። የሚከፈለውም እስከ ጃንዋሪ 31 ድረስ ነው፣ ማለትም ማን እንደሚወዳደር ገና ሳይታወቅ። ለባልና ሚስት 3 ዶላር ተኩል መሆኑ ነው፤ በቀን ሠራተኛ ቤት ይህ የእህል ገንዘብ ነው። በ1963 የፋብሪካው የሠራተኞች ማኅበርና አንድ የሜክሲኮ አሜሪካውያን የፖለቲካ ድርጅት ቤት ለቤት እየዞሩ ሰዉን የምርጫ ግብር አስከፈሉ። በዚያው ኤፕሪል አምስት ሜክሲኮ አሜሪካውያን የከተማውን ምክር ቤት አምስቱንም ወንበር ወሰዱ፣ ሁዋን ኮርኔሆም ከንቲባ ሆነ። አገር ጉድ አለ። ግን እርስ በርስ ተጣሉና በ1965 መልሰው አጡት። ትምህርት ቤቱ በዚህ ሁሉ መሐል እንደ ድሮው ቆየ።

በ1963 ለነዚያ አምስት ሰዎች ከቀሰቀሱት ወጣቶች አንዱ ሆሴ አንኼል ጉቲዬሬዝ የሚባል የከተማዋ ልጅ ነበር። አባቱ ሐኪም ነበሩ፤ ልጁ ገና በአሥራዎቹ መግቢያ ላይ ሳለ ሞቱበት። እሱ ሳን አንቶኒዮ ሄዶ በፖለቲካ ሳይንስ ማስተርሱን ያዘ፣ እዚያም ከጓደኞቹ ጋር በ1967 አንድ የወጣቶች ድርጅት አቋቋመ። አፉ ስል ነው። በ1969 ጋዜጠኞች ፊት ስለ «ግሪንጎ» የተናገረው ከባድ ቃል ዕድሜውን ሙሉ ተከትሎታል፣ እኔም ልከላከልለት አልቆምም። በዚያው ዓመት ከባለቤቱ ጋር ወደ ትውልድ ከተማው ተመለሰ።

ሲመለስ የጠበቀው የቺርሊደሮች ጠብ ነው። አትሳቁ። ቺርሊደር ማለት በኳስ ጨዋታ ሜዳ ዳር ቆማ ደጋፊውን የምታስጨፍረው ልጅ ናት። ተማሪው በአብዛኛው ሜክሲኮ አሜሪካዊ ሆኖ ሳለ ቺርሊደሮቹን የሚመርጡት መምህራን ነበሩ። ልማዱም ሦስት አንግሎ፣ አንዲት ሜክሲኮ አሜሪካዊት ነው። በ1969 ፀደይ ቦታ ሲለቀቅ ልማዱ ተደገመ፣ ተማሪዎቹም አቤት አሉ። ሱፐርኢንቴንደንቱ ትንሽ አለዘበላቸው፤ እሱ ያለዘበውን ግን ቦርዱ መልሶ አጠነከረው።

መኸር ላይ የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር መጣ። በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ሆምካሚንግ የሚባል በዓል አለ፤ የቀድሞ ተማሪዎች የሚሰበሰቡበት፣ ኳስ የሚታይበት፣ አንዲት ልጅም ንግሥት ተብላ ዘውድ የምትደፋበት። ማኅበሩ ደንብ አወጣ፦ ለንግሥትነት የምትቀርበው ልጅ ቢያንስ አንድ ወላጇ የዚሁ ትምህርት ቤት ምሩቅ መሆን አለበት። ደንቡ ስለ ዘር አንዲት ቃል አይናገርም። የትውልድ ሐረግ እንዲቀጥል፣ ፍቅር እንዲጠብቅ ነው ቢሉ ማን ይቃወማል? ነገር ግን ወላጆቹን ልጅ ሳሉ ትምህርት ሳይጨርሱ በጭነት መኪና ወደ ቢት እርሻ የላከች ከተማ፣ አሁን ልጆቻቸውን «ወላጆችሽ አልጨረሱምና አትቀርቢም» ማለቷ ነው። ከልጆቹ ጥቂቶቹ ብቻ ያሟሉ ነበር። ያቺን ደንብ ያወጡት ሰዎች ክፉዎች ነበሩ ብዬ አላምንም። የመሰለኝ ከራሳቸው ቤት ውጭ ያለውን ቤት አለማየታቸው ነው።

ተማሪዎቹ ጥያቄያቸውን ጻፉ። ቺርሊደሮቹን ተማሪው ይምረጥ፣ ስፓኒሽ ተናገርክ ተብሎ ልጅ አይቀጣ፣ በሁለት ቋንቋ እንማር፣ ስለ አባቶቻችን ታሪክ በመጽሐፉ ይግባ፣ ከኛ የሆነ አማካሪ ይቀጠርልን አሉ። በዲሴምበር መጀመሪያ ወላጆቻቸውን ይዘው ቦርዱ ፊት ቀረቡ። ቦርዱ አልሰማቸውም። በማግሥቱ፣ ዲሴምበር 9 ቀን 1969፣ ከክፍል ወጡ። ከፊት ከነበሩት አንዷ ሴቬሪታ ላራ የምትባል የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት። መጀመሪያ የወጡት ጥቂት መቶዎች ነበሩ፤ ቀን በገፋ ቁጥር ነገሩ ወደ መካከለኛውና ወደ አንደኛ ደረጃው ወረደ። ሦስት ተማሪዎች፣ ላራም አብራ፣ ዋሽንግተን ድረስ ሄደው ሴናተር ራልፍ ያርቦሮን አነጋገሩ። በገና ዕረፍት ከሌላ ከተማ ፈቃደኛ መምህራን መጥተው ልጆቹ እንዳይዘነጉ አስተማሯቸው። (በዚያው ወር መጨረሻ ስድስት ኪሎ ጥላሁን ግዛው ተገድሎ የሆነውን ለናንተ መተረክ ለቀባሪ ማርዳት ነው። እነሱ ስለኛ አልሰሙም፣ እኛም ስለነሱ አልሰማንም። ወሩ አንድ ስለሆነ ብቻ አነሣሁት።)

ቦርዱን ያንበረከከው ሂሳብም ነበር። ቴክሳስ ለዲስትሪክት የምትከፍለው ገንዘብ በየቀኑ ክፍል ውስጥ በተገኘ ተማሪ ቁጥር ስለሚሰላ፣ እያንዳንዱ ባዶ ዴስክ ከካዝናው ገንዘብ ይወስዳል። የፌዴራል ፍትሕ ሚኒስቴር አስታራቂዎችም መጡ፣ ጃንዋሪ 1970 ላይ አብዛኛው ጥያቄ ተፈቅዶ ልጆቹ ተመለሱ።

የታሪኩ እምብርት ግን ሰልፉ አይመስለኝም። ቀን መቁጠሪያው ነው። የምርጫ ግብር በ1966 በፍርድ ቤት ሲሻር፣ ቴክሳስ በምትኩ በየዓመቱ እንደ አዲስ መመዝገብን ደነገገች። በነፃ ነው፣ የመጨረሻው ቀን ግን ያው ጃንዋሪ 31። እንግዲህ አስሉት። ሰልፉ የተጀመረው ቤተሰቡ ሁሉ ከሰሜን ተመልሶ ከተማ ውስጥ ባለበት ወር ነው። እናት አባት በየማታው ስለ ልጁ ጉዳይ ይሰበሰባል፤ በዚያው ስብሰባ ላይ የምርጫ ምዝገባ ይካሄዳል። ሰልፉ ሲያበቃ ምዝገባው ሊዘጋ ሳምንታት ቀርተውታል። ጃንዋሪ 17 እዚያው ከተማ ላ ራሳ ኡኒዳ የተባለ ፓርቲ ተመሠረተ። የቦርዱ ምርጫ ኤፕሪል 4 ነው፣ አብዛኛው ቤተሰብ ለጉዞ ጓዙን ሳይሸክፍ። ጉቲዬሬዝ ይህን ሁሉ አስቀድሞ ቆጥሮት ነበር። ንግግር የሚያሳምር ሰው ሞልቷል፤ የምዝገባ መዝጊያ ቀን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው።

ሦስት ወንበር ቀርቦ ሦስቱንም ወሰዱ፣ አንደኛው ራሱ ጉቲዬሬዝ ነው። ከነባሮቹ አራት አባላት መሐል አንድ ሜክሲኮ አሜሪካዊ ነበር፤ የሱ ድምፅ ተጨምሮ የ25 ዓመቱ ልጅ 4 ለ 3 የቦርዱ ሊቀ መንበር ሆነ።

ሥራው ወዲያው ተጀመረ። በታችኞቹ ክፍሎች ትምህርት በስፓኒሽና በእንግሊዝኛ ሆነ። አንኼል ኖኤ ጎንሳሌስ ሱፐርኢንቴንደንት ሆኖ መጣ፣ ከሕዝቡ ወገን የሆኑ መምህራን በብዛት ተቀጠሩ። ለአዲሱ የትምህርት ዝግጅት የፌዴራል ገንዘብ ተጠይቆ ተገኘ። ቺርሊደሮቹን ተማሪው መረጠ። የትምህርት ቤቱ ባንድ ሳይቀር የሜክሲኮ ዜማ መጫወት ጀመረ። ለሌላ ሰው ይህች ትንሽ ነገር ናት፣ ስፓኒሽ ተናግሮ ለተቀጣ አባት ግን አይደለችም።

ዋጋም ነበረው። ብዙ አንግሎ መምህራን ለቀቁ፣ ብዙ አንግሎ ወላጆች ልጆቻቸውን አወጡ። ትናንት «አልሰማ አሉን» ሲል የነበረው ወገን ዛሬ 4 ለ 3 ሲወስን ሦስቱን ምን ያህል ሰማቸው? በኔ አስተያየት ብዙም አይደለም። ከዚያም የባሰው መጣ። በድሃ ከተማ ስኩል ዲስትሪክት ከትልልቆቹ ቀጣሪዎች አንዱ ነው። ቦርዱን የያዘ እንጀራ ያድላል፣ ቦርዱን ያጣ ዘመዱ ከሥራ ይወጣል። አንግሎዎቹ ከውድድሩ ሲወጡ ጠቡ በራሳቸው መሐል ሆነ። ጉቲዬሬዝ በ1974 የዛቫላ «ካውንቲ ጃጅ» ሆኖ ተመረጠ፤ ዳኛ ይባል እንጂ ዋናው ሥራው የካውንቲው አስተዳዳሪነት ነው። በ1975 ፓርቲው ክሪስታል ሲቲ ውስጥ ለሁለት ተሰነጠቀና ቦርዱ ከእጁ ወጣ። በ1981 ሥልጣኑን ለቀቀ፤ በኋላም ሕግ ተምሮ ጠበቃ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህርም ሆነ።

ያም ሆኖ ወንበሮቹ ወደ ድሮው አልተመለሱም። ከ1975 በኋላ የተጣሉት ሁለቱም ወገኖች ሜክሲኮ አሜሪካውያን ነበሩ፣ የሚጣሉትም በድምፅ መስጫ ካርድ ነው። በዚያው ዓመት የሂዩስተኗ ባርባራ ጆርዳን ብዙ የደከመችበት የምርጫ መብት ሕግ ማሻሻያ ቴክሳስን ጨመረ፤ የምርጫ ወረቀትም በስፓኒሽ ጭምር እንዲታተም አስገደደ።

ሴቬሪታ ላራ ከተማዋን ትታ አልጠፋችም። በ1990ዎቹ የክሪስታል ሲቲ ከንቲባ ሆናለች። ወላጅዋ የማን ምሩቅ እንደሆነ የጠየቃት የለም።

እንግዲህ እሑድ ጠዋት ተራ ቁጥር 6 ላይ እንገናኝ። የኔን ድምፅ ካሁኑ ገምታችሁታል መሰለኝ፤ የምትቃወሙኝ ግን ቀድማችሁ ኑ፣ ቡናው እስኪፈላ እንከራከራለን።