የፒካፕ መኪና ሰብዉፈር

የፒካፕ መኪና ሰብዉፈር በመኪናው ጋቢና ውስጥ ዝቅተኛ ድምፆችን፣ በተለምዶ ከ20 እስከ 100 ኸርዝ ያሉትን፣ እንዲያሰማ ከነሣጥኑ የሚገጠም ድምፅ ማጉያ ነው። በተለምዶ «ቤዝ» የሚባለው ድምፅ በአብዛኛው የሚወጣው ከዚህ ክፍል ነው። ፒካፕ እንደ ቤት አውቶሞቢል የተዘጋ የኋላ ዕቃ መጫኛ ስለሌለው ሣጥኑ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ጀርባ ወይም ሥር ባለው ጠባብ ቦታ ነው። በዚህም የተነሣ በፒካፕ ላይ መጀመሪያ የሚለካው ለሣጥኑ የሚተርፈው ቦታ ሲሆን፣ ሰብዉፈሩ የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው።

ፒካፕ በድሬዳዋና በአካባቢዋ ለሥራም ለቤተሰብም የሚያገለግል መኪና ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝና ሞቃት ስለሆነች፣ አየሩም ሙቀቱም በሰብዉፈር ሥራ ላይ የራሳቸው ተጽዕኖ አላቸው።

አሠራር

ሰብዉፈር ኮን፣ ጥቅል ሽቦ (ኮይል)፣ ማግኔትና ኮኑን ከክፈፉ ጋር የሚያያይዝ ተጣጣፊ ጠርዝ አለው። ከአምፕሊፋየር የሚመጣው ኤሌክትሪክ በጥቅል ሽቦው ሲያልፍ ሽቦው በማግኔቱ ውስጥ ወደፊትና ወደኋላ ይንቀሳቀሳል፤ ኮኑም አብሮ ተንቀሳቅሶ አየሩን ይገፋል።

ኮኑ ከፊቱ ያለውን አየር ሲገፋ ከጀርባው ያለውን ይስባል። ሁለቱ ተቃራኒ ሞገዶች ከተገናኙ ዝቅተኛው ድምፅ ይጣፋል። ሰብዉፈር ያለ ሣጥን በእጅ ተይዞ ሲከፈት ድምፁ ቀጭን የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የሣጥኑ ቀዳሚ ተግባር የፊቱንና የጀርባውን ሞገድ መለየት ነው። ሁለተኛው ተግባሩ በውስጡ የታመቀው አየር እንደ ስፕሪንግ ሆኖ የኮኑን እንቅስቃሴ እንዲቆጣጠር ማድረግ ነው።

ታሪክ

በጀርባው ቱቦ ያለውን ሣጥን አልበርት ቱራስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1932 የፈጠራ መብት አግኝቶበታል። ኤድጋር ቪልቹር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1954 አየር የማያስወጣ ትንሽ ሣጥን ከትልልቅ ሣጥኖች ጋር የሚወዳደር ዝቅተኛ ድምፅ ሊሰጥ እንደሚችል አሳየ። አውስትራሊያዊው ኔቪል ቲል እ.ኤ.አ. በ1961፣ ሪቻርድ ስሞል ደግሞ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ባሳተሟቸው ጥናቶች የድምፅ ማጉያን ጠባይ በጥቂት ቁጥሮች መግለጽ ተቻለ። ዛሬ በሰብዉፈር መመሪያ ወረቀት ላይ የሚታዩት ቁጥሮች በሁለቱ ስም «የቲል-ስሞል መለኪያዎች» ይባላሉ።

የጋቢናው ጠባይ

የ40 ኸርዝ ድምፅ የሞገድ ርዝመት ከ8 ሜትር በላይ ስለሆነ በጋቢና ውስጥ ሙሉ ሞገድ ሊፈጠር አይችልም። በምትኩ ሰብዉፈሩ የጋቢናውን አየር በሙሉ በአንድ ጊዜ ያምቀዋል፤ መልሶም ያላላዋል። የሞገዱ ግማሽ ከጋቢናው ርዝመት ሲበልጥ ይህ ሁኔታ ይጀምራል፤ የውስጥ ርዝመቱ 2 ሜትር በሆነ ጋቢና ከ85 ኸርዝ ገደማ በታች ማለት ነው። ከዚያ በታች ድምፁ በአንድ ኦክታቭ (ድግግሞሹ በግማሽ በቀነሰ ቁጥር) እስከ 12 ዴሲቤል ሊጨምር ይችላል። በተግባር የመስኮትና የበር ክፍተት፣ የጣሪያና የቆርቆሮ መርገብገብ ጭማሪውን ይቀንሱታል።

ዝግ ሣጥን ከራሱ ንዝረት በታች ድምፁ በአንድ ኦክታቭ 12 ዴሲቤል ይወርዳል። ጋቢናው የሚጨምረውና ሣጥኑ የሚቀንሰው ስለሚቀራረቡ ትንሽ ዝግ ሣጥን በፒካፕ ውስጥ ከሚጠበቀው በላይ ዝቅ ያለ ድምፅ ይሰጣል። ያው ሣጥን ከመኪናው ወጥቶ ሜዳ ላይ ሲሞከር ግን ደካማ ነው። ስለዚህ በሱቅ ውስጥ ወይም በደጅ የተሰማ ድምፅ በጋቢና ውስጥ የሚሰማውን አያመለክትም።

የሣጥን ዓይነቶች

ዝግ ሣጥን፦ አየር የማያስገባና የማያስወጣ ነው። ትንሽ ቦታ ይበቃዋል፤ ለመሥራትም ቀላል ነው። አየሩ ኮኑን ስለሚይዘው ከመጠን በላይ የመንቀሳቀስ አደጋው ዝቅተኛ ነው።

ባለ ቱቦ ሣጥን፦ ከኮኑ ጀርባ ያለውን ኃይል በቱቦ አማካይነት ይጠቀምበታል፤ በተቃኘበት ድግግሞሽ አካባቢ ከዝግ ሣጥን የበለጠ ይጮኻል። ጉዳቱ ቦታ መፈለጉ ነው። ለምሳሌ 40 ሊትር የሚይዝ ሣጥንን በ35 ኸርዝ ለመቃኘት 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቱቦ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ መርዘም አለበት። ይህን ቱቦ ከወንበር ጀርባ በሚቀመጥ ቀጭን ሣጥን ውስጥ ማስገባት አስቸጋሪ ነው። ቱቦውን ማጥበብ ርዝመቱን ቢቀንስም የአየር ፉጨት ያመጣል። ከተቃኘበት ድግግሞሽ በታች ደግሞ ኮኑን የሚይዘው አየር ስለማይኖር፣ ዝቅተኛ ድምፆችን የሚቆርጥ ማጣሪያ ካልተከፈተ ሰብዉፈሩ ሊበጠስ ይችላል።

ባንድፓስ ሣጥን፦ ኮኑ በሁለት ክፍሎች መካከል ሙሉ በሙሉ ይደበቃል። በጠባብ የድምፅ ክልል በጣም ይጮኻል፤ ነገር ግን ከሦስቱ ትልቁና ለስሌት ስህተት ትዕግሥት የሌለው ነው።

ከወንበር ጀርባ ለሚገጠም አብዛኛው ሥራ ዝግ ሣጥን ተመራጭ ነው። የባለ አራት ክር ቤዝ ጊታር ዝቅተኛው ድምፅ 41 ኸርዝ ስለሆነ፣ በባንድ የተቀረጸ ሙዚቃን ለማዳመጥ ሣጥኑ ከ35 ኸርዝ በታች እንዲወርድ ማስጨነቅ ብዙም ጥቅም የለውም።

የሣጥኑን ይዘት ማስላት

የሣጥን ይዘት የሚሰላው በውስጥ ልኩ ነው። የኋላ ወንበር መደገፊያ ዘንበል ስለሚል ሣጥኑ ከታች ሰፊ፣ ከላይ ጠባብ ይሆናል። ከውጭ 110 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 35 ሴንቲ ሜትር ቁመት፣ ከታች 20 ከላይ 12 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ሣጥን በአማካይ 16 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት አለው፤ በውጭ ልኩ 61.6 ሊትር ይሆናል። በ18 ሚሊ ሜትር ኤም ዲ ኤፍ ሲሠራ ግን ከእያንዳንዱ ልክ 3.6 ሴንቲ ሜትር ይቀነሳል፤ 106.4 በ31.4 በ12.4 ሲባዛ 41 ሊትር ገደማ ይቀራል። የሰብዉፈሩ ማግኔትና የውስጥ ማጠናከሪያ እንጨት ሲቀነሱ ለሥራ የሚተርፈው ከ38 ሊትር አይበልጥም። ከሣጥኑ ከሲሶው በላይ የሚሆነው በእንጨትና በዕቃ ይያዛል ማለት ነው።

መገጣጠሚያዎቹ በኮላና በብሎን ከታሰሩ በኋላ ክፍተቶቹ በሙሉ መደፈን አለባቸው፤ በዝግ ሣጥን ላይ ትንሽ ቀዳዳ የፉጨት ድምፅ ታመጣለች። ሣጥኑ ከመሠራቱ በፊት ክሪክና የጎማ መፍቻ የሚቀመጡበት ቦታ እንዳይዘጋ፣ የኋላ ወንበር ቀበቶ ማሰሪያም እንዳይሸፈን መታየት አለበት። በግጭት ጊዜ ያልታሰረ ሣጥን በተሳፋሪ ላይ ስለሚወረወር ከመኪናው አካል ጋር በብሎን ይታሰራል።

ሰብዉፈሩን መምረጥ

ሣጥኑ ከታወቀ በኋላ ሦስት የቲል-ስሞል ቁጥሮች ይታያሉ፦ ሰብዉፈሩ ያለ ሣጥን የሚንዝርበት ድግግሞሽ፣ የንዝረቱን መጠን የሚገልጸው «ኪው» የተባለው ቁጥር፣ እና የኮኑን ልስላሴ በአየር መጠን የሚገልጸው አቻ ይዘት ናቸው። አቻ ይዘቱ ለሣጥኑ ይዘት ተካፍሎ 1 ሲደመርበትና ስኩዌር ሩቱ ሲወሰድ፣ የሚገኘው ቁጥር ሁለቱንም የሰብዉፈሩን ቁጥሮች ያበዛቸዋል።

ለምሳሌ ንዝረቱ 30 ኸርዝ፣ ኪው 0.45፣ አቻ ይዘቱ 60 ሊትር የሆነ ሰብዉፈር በ20 ሊትር ዝግ ሣጥን ውስጥ ሲገባ ማባዣው 2 ይሆናል፤ ንዝረቱ ወደ 60 ኸርዝ፣ ኪው ወደ 0.9 ያድጋል። በ40 ሊትር ሣጥን ውስጥ ግን ንዝረቱ 47 ኸርዝ፣ ኪው 0.71 ይሆናል። ኪው 0.7 አካባቢ ሲሆን ድምፁ የተስተካከለ ነው፤ ከ1 በላይ ሲያልፍ «ቡም» የሚል፣ ምቱን የሚያንዛዛ ድምፅ ይወጣል። ትልቅ ሰብዉፈርን በትንሽ ሣጥን መጨቆን የሚያመጣው ችግር ይህ ነው።

ጥልቀትም ይታያል። የተለመደ ባለ 10 ኢንች ሰብዉፈር ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር፣ ስስ የሚባለው ዓይነት ግን ከ7 እስከ 9 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይፈልጋል። ከላይ በተሰላው ሣጥን ውስጥ የሚመቸው ስሱ ነው። የሁለት ባለ 10 ኢንች ሰብዉፈሮች የኮን ስፋት ተደምሮ ከአንድ ባለ 12 ኢንች ስለሚበልጥ፣ ረጅምና ቀጭን ሣጥን ላይ ሁለት ትናንሾች ከአንድ ትልቅ ይሻላሉ።

በድሬዳዋ «ታይዋን» በመባል በሚታወቀው ገበያም ሆነ በሌሎች የኢትዮጵያ ከተሞች በሚሸጡ ዕቃዎች ላይ በትልቁ የሚጻፈው ዋት ብዙውን ጊዜ የቅጽበት ከፍተኛ መጠን ነው፤ ለማነጻጸር የሚያገለግለው «አር ኤም ኤስ» ተብሎ የሚጻፈው ተከታታይ ኃይል ነው። የአምፕሊፋየርን ትክክለኛ አቅም በፊውዙ መገመት ይቻላል። 40 አምፔር ፊውዝ ያለው አምፕሊፋየር በ13.8 ቮልት ሊወስድ የሚችለው 552 ዋት ነው፤ «ክላስ ዲ» የተባለው ዓይነት ሆኖ 80 በመቶውን ወደ ድምፅ ኃይል ቢለውጥ 440 ዋት ገደማ ይሰጣል። ካርቶኑ ላይ 3,000 ዋት መጻፉ ይህን አይለውጠውም። ሰብዉፈሩም በቴስተር ይፈተሻል፦ 4 ኦም የተባለ ጥቅል ሽቦ በአብዛኛው ከ3.2 እስከ 3.8 ኦም ያሳያል፤ ከዚህ በጣም ከራቀ ጽሑፉ ትክክል አይደለም ወይም ሽቦው ተጎድቷል።

የድሬዳዋ ከፍታና ሙቀት

በ1,200 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ግፊት ከባሕር ጠለል በ13 በመቶ ገደማ ያነሰ ነው። በሣጥን ውስጥ ያለው የአየር ስፕሪንግም በዚያው ልክ ይላላል። ከላይ የተጠቀሰው ባለ 20 ሊትር ሣጥን በድሬዳዋ ኪው ከ0.9 ወደ 0.85፣ ንዝረቱም ከ60 ወደ 57 ኸርዝ ዝቅ ይላል፤ ሣጥኑ በጥቂቱ የሰፋ ያህል ማለት ነው። ያው እንቅስቃሴ በጋቢናው ውስጥ የሚፈጥረው ድምፅ ግን በ1 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ግፊቱ በሩብ ያህል ስለሚያንስ ልዩነቱ ይጎላል።

የሙቀቱ ጉዳይ የበለጠ ክብደት አለው። ፀሐይ ላይ የቆመ ዝግ ጋቢና ከ50 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊያልፍ ይችላል። የመዳብ ተቃውሞ በእያንዳንዱ ዲግሪ በ0.39 በመቶ ስለሚጨምር፣ ጥቅል ሽቦው በ100 ዲግሪ ሲግል ተቃውሞው በ39 በመቶ ያድጋል፤ የሚወስደው ኃይልም ያንሳል። አድማጩ ድምፁ ደከመ ብሎ ሲጨምር ሽቦው ይበልጥ ይግላል፤ በመጨረሻም ሙጫው ይለቃል ወይም ሽቦው ይቃጠላል። አምፕሊፋየር በወንበር ሥር ሲገጠም በዙሪያው አየር የሚዘዋወርበት ቦታ መተው፣ በሞኬት አለመሸፈን፣ አቧራውንም በየጊዜው መጥረግ ያስፈልጋል።

ሽቦና ፊውዝ

ከባትሪ የሚመጣው ዋና ሽቦ ከባትሪው ከ45 ሴንቲ ሜትር ሳይርቅ ፊውዝ ይደረግበታል። ፊውዙ ከአምፕሊፋየሩ ይልቅ ሽቦውን የሚጠብቅ ነው፤ ሽቦው በቆርቆሮ ጠርዝ ተልጦ ከመኪናው አካል ጋር ቢነካካ፣ ፊውዝ ከሌለ መኪናው ሊቃጠል ይችላል። በዚህ ምክንያት ሽቦው ከሞተሩ ወደ ጋቢና በሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ ላስቲክ ይደረጋል። የመሬት ሽቦው ቀለሙ በተፋቀ ብረት ላይ ይታሰራል፤ ውፍረቱም ከዋናው ሽቦ አያንስም። ሁለት ባለ 4 ኦም ሰብዉፈሮች በትይዩ ሲያያዙ 2 ኦም፣ በተከታታይ ሲያያዙ 8 ኦም ይሆናሉ፤ አምፕሊፋየሩ የማይችለው ዝቅተኛ ኦም ላይ ከተያያዘ ይግላል ወይም ራሱን ያጠፋል።

በጭነት ክፍል ላይ የሚጫን ድምፅ ማጉያ

በፒካፕ የጭነት ክፍል ላይ ለማስታወቂያና ለቅስቀሳ የሚጫነው፣ በኢትዮጵያ በጣሊያን ኩባንያ ስም «ሞንታርቦ» እየተባለ የሚጠራው ድምፅ ማጉያ ከጋቢና ሰብዉፈር የተለየ ነው። ክፍት ቦታ ላይ የጋቢና ጭማሪ ስለሌለ ለስስ ዝግ ሣጥን የሚያመች አይደለም፤ ዓላማውም የሰውን ንግግር ሩቅ ማድረስ እንጂ ዝቅተኛ ድምፅ መስጠት አይደለም። የጋቢና ሰብዉፈርን በጭነት ክፍል መትከል ድምፁን ከመቀነሱም በላይ ለዝናብ፣ ለአቧራና ለስርቆት ያጋልጠዋል።

የመስማት ጤንነትና ሕግ

የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ብሔራዊ ተቋም መመሪያ ለ85 ዴሲቤል ድምፅ በቀን 8 ሰዓት፣ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ 3 ዴሲቤል ጊዜውን በግማሽ እየቀነሰ ይፈቅዳል፤ በዚህ ስሌት 100 ዴሲቤል ከ15 ደቂቃ በላይ መሰማት የለበትም። ጆሮ ዝቅተኛ ድምፅን በደካማ ስለሚሰማ አድማጩ ቤዙን ፍለጋ አጠቃላይ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ጉዳቱን የሚያመጣው አብሮ የሚጨምረው መካከለኛና ቀጭን ድምፅ ነው። ለሳጥኑ የተስማማ ሰብዉፈር ሌሎቹን ስፒከሮች ሳያስጮኽ ቤዝ ስለሚሰጥ በዚህ በኩልም ጥቅም አለው።

ረጃጅም ሞገዶች በግድግዳ በቀላሉ ስለሚያልፉ የቆመ መኪና ቤዝ ቤት ውስጥ ላለ ጎረቤት ከመዝሙሩ ወይም ከዘፈኑ በፊት ይደርሰዋል። በኢትዮጵያ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ስለ አካባቢ ደረጃዎች ሲደነግግ ድምፅንም ይጨምራል፤ የሚፈቀደው መጠን የሰዎችን አሰፋፈር ባገናዘበ መልኩ እንዲወሰን ያዝዛል።