ልብ ይቋቋማልን? ስለ አንድ አዲስ የሕክምና ቃል

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ፥ ደረታቸው ተከፍቶ ልባቸው በቀዶ ጥገና የታከመላቸው ሰዎች ከሆስፒታል ሲወጡ በሚሰጣቸው ወረቀት ላይ፥ ይልቁንም ወገኖቻችን በብዛት በሚኖሩባቸው በባሕር ማዶ ከተሞች ከእንግሊዝኛ ቃል በቃል እየተገለበጠ በሚታደለው ላይ፥ «የልብ መልሶ ማቋቋም ፕሮግራም» የሚል አርእስት እየተለመደ መጥቷል። በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ አክስቴ፥ ከእግራቸው ደም ሥር ተወስዶ ልባቸው ላይ ከተቀጠለላቸው በኋላ፥ ይህንኑ ወረቀት በስልክ ሲያነቡልኝ ከአርእስቱ ላይ ቆም ብለው «ልጄ፥ ልቤ ተፈናቅሎ ኖሯል እንዴ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጥያቄው ለጨዋታ ይመስላል እንጂ ቁም ነገር አለው፤ በአማርኛችን «መልሶ ማቋቋም» የሚባለው በጦርነት ወይም በድርቅ ከቀየው የተፈናቀለ ሕዝብ፥ ወይም ትጥቁን የፈታ ወታደር፥ በመንግሥትና በረድኤት ድርጅቶች እጅ ቤት ተሠርቶለት፥ ዘርና በሬ ተሰጥቶት የሚሰፍርበት ሥራ ነውና፥ በዚህ ስም የተጠራ ሕሙም ኮሚቴ መጥቶ እስኪጎበኘው ድረስ ቁጭ ብሎ ቢጠብቅ አይፈረድበትም።

ነገሩ ራሱ ለአንባቢ ብዙ እንግዳ ስለማይሆን በአጭሩ አልፈዋለሁ። የልብ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰው፥ የተሰነጠቀው የደረቱ አጥንት እስኪገጥም ከ6 እስከ 12 ሳምንት ከባድ ነገር ከማንሣትና ከመግፋት ተከልክሎ፥ ነገር ግን ከአልጋው ወርዶ በመጀመሪያ በክፍሉ ውስጥ፥ ቀጥሎ በኮሪደሩ፥ ኋላም በሰፈሩ መንገድ እየጨመረ እንዲራመድ፥ ከዚያም ባለሙያ የልቡን ምት በመሣሪያ እየተከታተለለት እንዲሠራ፥ ስለ ምግቡ፥ ስለ መድኃኒቱ፥ ስለ ትምባሆውና ስለ ጭንቀቱም እንዲመከር የሚደረግበት ሥርዐት ነው። በአሜሪካ የአረጋውያኑ የጤና መድን፥ ሜዲኬር፥ በተለምዶ 36 ክፍለ ጊዜ ይከፍላል፤ ጭንቁ የሚመጣው ግን 36ኛው ካለቀ በኋላ ነው፤ ባለሙያው ተሰናብቶ፥ መሣሪያው ተፈትቶ፥ ሕሙሙ በገዛ ቤቱና በገዛ ፈቃዱ በሳምንት 150 ደቂቃ ያህል፥ እየሄደ ማውራት በሚችልበት፥ መዝፈን ግን በሚያቅተው ርምጃ፥ መራመዱን ዕድሜ ልኩን መቀጠል አለበትና፥ ብዙዎች የሚያቋርጡትም እዚህ ላይ ነው።

ሕክምናውም ቢሆን ወደዚህ አሳብ የደረሰው ዘግይቶ ነው። እስከ 20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ ልቡን በድንገት የታመመ ሰው ስድስት ሳምንትና ከዚያም በላይ በጀርባው እንዲተኛ ይታዘዝ ነበርና፥ ሳሙኤል ሌቪንና በርናርድ ላውን የተባሉት የቦስተን ሐኪሞች በ1952 እ.ኤ.አ. ሕሙሙን ከአልጋ አውርዶ በወንበር ማስቀመጥ እንደሚሻል ሲጽፉ፥ በወንበር መቀመጥ እንኳ አዲስ ነገር ነበር። ከእነርሱ በፊት፥ በ18ኛው መቶ ዓመት፥ እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሄበርደን፥ ደረቱን ያመው የነበረ አንድ ሰው በየቀኑ ግማሽ ሰዓት እንጨት በመጋዝ እየቆረጠ ሊድን ጥቂት ብቻ እንደ ቀረው መዝግቦ አልፎ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ1993 እ.ኤ.አ. ለዚህ ሥራ የሰጠው ትርጓሜም፥ ሕሙሙ በማኅበሩ መካከል የነበረውን ስፍራ በራሱ ጥረት ይዞ እንዲቆይ፥ አጥቶትም ከሆነ መልሶ እንዲያገኘው የሚያስችሉትን ተግባራት ሁሉ የሚያጠቃልል ነው። «በራሱ ጥረት» የሚለውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ የቃሉ ክርክር የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነውና።

ሰዋስው የተማረ ሰው፥ ግሥ በአዕማዱ እየተለዋወጠ ባለቤቱን እንደሚለዋውጥ ያውቃል። «ቆመ» ስንል የቆመው ሰውዬው ራሱ ነው፤ «አቋቋመ» ስንል ግን አቋቋሚው ሌላ፥ የሚቋቋመውም ሌላ ይሆናል፤ በዚህ ላይ «መልሶ» ሲጨመርበት ሥራው አንድ ጊዜ ተደርጎ፥ ሪፖርት ተጽፎ የሚዘጋ ይመስላል። ከዚያው ሥር መውሰድ ግድ ከሆነስ «መቋቋም» ይሻል ነበር፤ «በሽታውን ተቋቋመው» ይባላልና፥ ጥረቱ ቢያንስ የሕሙሙ ይሆን ነበር። ደግሞስ ሊቃውንቱ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው ሌሊቱን በማኅሌት የሚያሸበሽቡበት ሥርዐት «አቋቋም» እየተባለ ሳለ፥ የዚያ ክቡር ቃል ወንድም በየቢሮው የጥናት ወረቀት ሲንገላታ ማየት እኔን ቅር ያሰኘኛል፤ ይህ ግን የግል ቅሬታዬ ነው።

ሁለተኛው ተፎካካሪ «የልብ ተሃድሶ» ነው። ይህኛው ሐደሰ ከሚለው የግዕዝ ግሥ የተወለደ፥ የሕዳሴ ወንድም፥ ለጆሮም የሚስማማ ስለሆነ እንደ ፊተኛው አያስቆጣም። ሆኖም ቃሉ ብቻውን አይገባም፤ ከቤተ ክህነት በኩል አንድ ክርክር፥ ከፖለቲካው በኩል ሌላ ረዥም ስብሰባ ተሸክሞ ይገባልና፥ አንዲትን የሰንበቴ እናት «ተሃድሶ ግቢ» ብሎ ወረቀት መስጠት ምን ሊያስከትል እንደሚችል አንባቢ ይገምተው። ከዚህም የባሰ፥ ቃሉ ያልሆነውን ይመሰክራል። ሐኪም የጠገነው ልብ አዲስ ልብ አይደለም፤ የብረት ቫልቭ የገባለት ልጅ የደም ማቅጠኛውን ዕድሜ ልኩን ይወስዳል፥ ደም ሥር የተቀጠለለትም ሽማግሌ ያው ሕመም በተቀጠለው ላይ እንዳይመለስበት ይጠነቀቃል። «ልብህ ታደሰ» የተባለ ሰው መድኃኒቱን ቢተው ጥፋቱ ከቃሉ ነው።

እኔን ለብዙ ጊዜ ሲያባብለኝ የኖረው ግን «ልብን ማጽናት» ነበር። ጸንዐ የሚለው ሥር መበርታትንም፥ መታገሥንም፥ በያዙት መቆየትንም በአንድነት ይይዛል፤ መጽናናትም ከእርሱ ነው፤ እንዲያውም ሆስፒታሉ ራሱ «የጽኑ ሕሙማን ክፍል» ብሎ በሩ ላይ ጽፎታልና፥ በጽኑ ሕመም የገባው በጽናት ይወጣል ማለት ለአፍ የሚጥም ነበር። ነገር ግን ኦሪት ዘጸአት ሲነበብ ያደመጠ ሰው፥ «ልቡ ጸና» ሲባል አስቀድሞ የሚታየው ሕዝቡን አልለቅም ያለው ፈርዖን ነው፤ ደም ሥሩ ደድሮ ለታመመ ሰው ደግሞ «ልብህን እናጸናልሃለን» ማለት ሕመሙን መጨመር ይመስላል። ቃሉን የተውሁት እያዘንሁ ነው።

የምሟገትለት «የልብ ማገገሚያ ልምምድ» ነው። አገገመ በ«አ» ቢጀምርም እንደ አቋቋመ ሌላ ሠሪ አይሻም፤ «ሐኪሙ በሽተኛውን አገገመው» የሚል አማርኛ የለም፥ የሚያገግመው የታመመው ራሱ ነውና። ጊዜንም በውስጡ ይዟል፤ ሰው በአንድ ጀምበር ዳነ ሊባል ይችላል፥ በአንድ ጀምበር አገገመ ግን አይባልም። ልምምድ ደግሞ ለመደ ከሚለው ግሥ ከልማድና ከልምድ ጋር የተወለደ ነውና፥ የውጭ ሊቃውንት በብዙ ዐረፍተ ነገር የሚደክሙበትን፥ ይኸውም ሕሙሙ እንቅስቃሴውን ልማድ እስኪሆንለት ድረስ መደጋገም አለበት የሚለውን ምክር፥ አማርኛ በአንድ ሥር ቋጥሮ አስቀምጦታል፤ በቃሉ መካከል «ም» ተደግሞ መጻፉ እንኳ የሥራውን መደጋገም ያሳያል። «የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ» ብሎ የሚከራከረኝ ቢገኝ፥ ክፉው ልማድ ይህን ያህል ጉልበት ካለው በጎውን ለማስለመድ መድከም ተገቢ ነው እለዋለሁ። «የአካል ብቃት እንቅስቃሴ» የሚለውን ያልመረጥሁት ብቃት የሚለው ቃል ፈተና ስለሚመስል ነው፤ ከጽኑ ሕሙማን ክፍል የወጣን ሰው «ብቁ ነህን?» ብሎ መቀበል ደግ አይደለም።

ሁለቱ ቃላት ለምን አብረው እንደሚያስፈልጉ የሚታወቀው በሀገራችን ቤቶች ውስጥ ነው። አንዲት ጎረቤቴ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ጀበናውን ልታነሣ ብድግ ስትል፥ ዙሪያዋን የተቀመጡት ጠያቂዎች በአንድ ድምፅ «ኧረ በሞቴ! አንቺ ተኚ!» ብለው ሲመልሷት፥ አጥሚቱንና ገንፎውን በላይ በላዩ ሲያቀርቡላት አይቻለሁ። ፍቅር ነው፤ ከአልጋ የማያስወርድ ፍቅር። እዚያ ቤት «እያገገመች ነው» ብቻ ቢባል ማገገም ለጠያቂው ሁሉ መተኛት ነውና ብርድ ልብስ ይደርቡላታል፤ «ሐኪም ልምምድ አዝዞላታል» ሲባል ግን መንገድ ይለቁላታል። ደረቱ ገና ያልገጠመ ምእመንም በዐቢይ ጾም ልስገድ ሲል፥ ንስሐ አባቱ ስግደቱን አቆይተው በእግሩ ደብሩን እንዲሳለም ቢያዙት፥ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራል።

ወጣቶቹን በሚመለከት ደግሞ «ስፖርት» የሚለው ቃል ያሳስተናል። በዶክተር በላይ አበጋዝ ጥረት ተመሥርቶ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የሚገኘው የልብ ማዕከል የሚያክማቸው በብዛት ሽማግሌዎች አይደሉም፤ የልብ ችግር ይዘው የተወለዱ ሕፃናትና፥ በጊዜው ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም በሩማቲክ ትኩሳት በኩል ቫልቫቸውን ያበላሸባቸው ልጆች ናቸው። ልጅን «ስፖርት ሥራ» ቢሉት የሚታየው ኳስ ነው፤ ደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ልጅ ግን የሚያጋጭ ጨዋታ ክፉ አደጋ አለው።

ወጣት ሐኪሞች «ካርዲያክ ሪሃብ ብለን ብንተወውስ?» ይሉኛል። ቫልቭን፥ ሜዲኬርን፥ ፊዚዮቴራፒን ያለ ቀረጥ ያሳለፈ ቋንቋ አንድ ቃል መጨመር አያቅተውም፤ ነገር ግን እነዚያ የዕቃና የሙያ ስሞች ናቸው፥ ይህ ግን ሕሙሙ በየጠዋቱ ተነሥቶ ራሱን የሚያዝዝበት ቃል ነው፤ ሰውም ራሱን በማያውቀው ቋንቋ ሲያዝዝ አላየሁም።

አንድ ችግር ይቀራል። ልምምድ የሚያደርገውን ሰው በደንቡ «ተለማማጅ» ልንለው በተገባ ነበር፤ በሆስፒታል ግን ይህን ስም ቀድመው የያዙት ገና በመማር ላይ ያሉት ሐኪሞች ናቸው፥ አክስቴም «ተለማማጅ» ቢባሉ ነጭ ጋውን አምጡልኝ ማለታቸው አይቀርም። ስለዚህ ልምምዱን ልምምድ ብለን፥ ሰውዬውን «አገጋሚ» እንበለው።