ሣጥኑ ዝም ይበል
(የድምፅ ማጉያ ሣጥን ንዝረት እንዴት እንደተገታ አጭር ታሪክ)



በየሰፈሩ የድምፅ ማጉያ ሣጥን በገዛ እጃቸው የሚሠሩ ልጆች አሉ። ሥራቸው የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ በድንኳን ውስጥ የሟች የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ድምፁ እየጮኸ ቃሉ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ለቀስተኛው «ምን አለ? ምን አለ?» ይባባላል። ታዲያ ወዲያው የሚታማው ማይክሮፎኑ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የሣጥኑ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ የነገሩን ታሪክ ባጭሩ ልናቀርብላችሁ ወደድን።

ዛሬ የምናውቀው ድምፅ ማጉያ በማግኔት መካከል ባለ የሽቦ ጥቅል አማካይነት የወረቀት ሾጣጣ የሚያንቀሳቅሰው ነው። ይህንኑ በአሜሪካ የጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ባለሙያዎች የነበሩት ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1925 አቀረቡት። ሾጣጣው ወደ ፊትም ወደ ኋላም ድምፅ ይሰጣል፤ ሁለቱ ከተገናኙ ወፍራሙ ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ከዚህ የተነሣ በሳንቃ መለየት ወይም በሣጥን መዝጋት ግድ ሆነ።

ሣጥኑ አንዱን ችግር ሲያስወግድ ሌላ ይዞ መጣ። የክራር ገበቴ የተሠራው ከጅማቱ ጋር አብሮ እንዲያዜም ነው። የድምፅ ማጉያ ሣጥን ግን የተሰጠውን ብቻ ማሳለፍ እንጂ የራሱን መጨመር የለበትም። ሳንቃው ብዙውን ጊዜ በሰከንድ በጥቂት መቶዎች ይንቀጠቀጣል፤ ይኸውም የሰው ንግግር ካለበት ክልል ውስጥ ነው። ቃሉ ካለቀ በኋላም ሳንቃው ማጉረምረሙን ስለማያቆም ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል ይሸፍነዋል።

በዚህ ነገር ብዙ ከደከሙት አንዱ እንግሊዛዊው ጊልበርት ብሪግስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 በመኖሪያ ቤቱ ምድር ቤት ሥራ ጀምሮ ዋርፍዴል የተባለውን ድርጅት መሠረተ። ብሪግስ በሁለት ኮምፔንሳቶ መካከል ደረቅ አሸዋ ሞላ። ሳንቃው ሊንቀጠቀጥ ሲል የአሸዋው ቅንጣቶች ይፋተጋሉ፤ ንዝረቱም ወደ ጥቂት ሙቀት ተለውጦ እዚያው ያልቃል። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1954 በለንደን ሮያል ፌስቲቫል አዳራሽ ሙዚቀኞችን በአካል አቅርቦ፣ የእነርሱን ድምፅ ከተቀዳው ጋር በሕዝብ ፊት አስተያይቷል።

የአሸዋ ችግሩ ክብደቱ ነው። የቢቢሲ ባለሙያዎች ሌላ መንገድ ያዙ። ሳንቃውን ማወፈር ብቻውን ንዝረቱን አያጠፋውም፤ ወደ ቀጠነው ድምፅ ያሻግረዋል እንጂ። ሃርዉድና ማቲውስ የተባሉት የቢቢሲ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጡት ጥናት ቀጭን ኮምፔንሳቶን ሬንጅ ከጠጣ ንጣፍ ጋር ስለማጣመር ጽፈዋል። በስርጭት መኪና ውስጥ እንዲያገለግል የተሠራውና ቁመቱ 30 ሴንቲሜትር ያህል የሆነው ኤልኤስ3/5ኤ የተባለው ትንሽ ድምፅ ማጉያም በ12 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶና በሬንጅ ንጣፍ የተሠራ ነው።

ከዚህ ታሪክ ለእኛ የሚጠቅመን ምንድን ነው? እናቶቻችን እንስራ ሲገዙ በጣታቸው ኳ አድርገው ያዳምጣሉ፤ ጥርት ብሎ ከጮኸ ደህና ነው ይላሉ። ሣጥን ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ሲመታ እንደ ከበሮ የሚያስተጋባ ከሆነ ገና ሥራ ይቀረዋል፤ «ድፍ» ብሎ ዝም ካለ ግን ጥሩ ነው።

ልጆቻችን አንድ ነገር ይለዩ። ውስጥ የሚጎዘጎዘው ጥጥ ወይም ሱፍ የሚያበርደው በሣጥኑ ውስጥ በአየሩ የሚመላለሰውን ድምፅ ነው፤ ሳንቃውን አይዘውም። ለሳንቃው ለጣራ ውሃ መከላከያ የሚነጠፈውን ሬንጅ የጠጣ ንጣፍ ከውስጥ በኩል ሳይነፋ በሙሉ ገጹ ማጣበቅ ያስፈልጋል። ሰፊ የሆነውን ግድግዳ ከትይዩው ጋር በመቀነት እንጨት ማያያዝም ይጠቅማል፤ እንጨቱ ከመሐል ትንሽ ፈቀቅ ቢል ይሻላል። መጋጠሚያው ሁሉ በኮላ ይሞላ፤ ብሎኑም ይጥበቅ።

እንግዲህ ለትልቅ አምፕሊፋየር ከማዋጣታችን በፊት ሣጥኑን ኳ አድርገን እንስማው። ድምፁን ከፍ ብናደርገው የሳንቃውም ጩኸት አብሮ ከፍ ይላልና ገንዘባችን በከንቱ ይቀራል። የሟች ታሪክ የሚነበበው አንድ ጊዜ ነው፤ ያን ዕለት ያልተሰማ ቃል ተመልሶ አይነበብም።

ቸር ያሰማን።