ማዳኬ

ማዳኬ (ፊሎስታኪስ ባምቡሶይደስ) ከሣር ቤተሰብ የሚመደብ፣ ለግንባታና ለዕደ ጥበብ የሚፈለግ ግዙፍ የቀርከሃ ዝርያ ነው። መነሻው ቻይና እንደሆነ ይታመናል፤ በጃፓን ከጥንት ጀምሮ በስፋት ይለማል። ቁመቱ ከ20 ሜትር ሊበልጥ፣ የግንዱ ስፋት 15 ሴንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ቶማስ ኤዲሰን ለአምፖል ክር የኪዮቶን ማዳኬ ተጠቅሟል።

እድገት፦ ቡቃያው በግንቦትና በሰኔ ከመሬት ሲወጣ የግንዱን ሙሉ ውፍረት ይዞ ነው፤ ቁመቱንም በጥቂት ሳምንታት ይጨርሳል። በ24 ሰዓት ከ1 ሜትር በላይ ማደጉ በጃፓን ተመዝግቧል። ከዚያ በኋላ ግንዱ አይወፍርም፤ በየዓመቱ ግን እየጠነከረ ይሄዳል።

ሥነ ምህዳር፦ ከመሬት በታች የሚሳበው ግንዱ አፈርን ከመሸርሸር ይጠብቃል፤ ካልተገታ ግን አጎራባች ማሳንና ደንን ይወርራል። የሚያብበው በ120 ዓመት ገደማ አንዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በጃፓን በጅምላ ሲያብብ ሰፋፊ የቀርከሃ ደኖች ደርቀዋል።

አለማም፦ ዘሩ እምብዛም ስለማይገኝ የሚራባው ከመሬት በታች ያለውን ግንድ ከነሥሩ ቆርጦ በመትከል ነው። እርጥበት የሚይዝ፣ ውሃ ግን የማይተኛበት ለም አፈር ይስማማዋል። ለግንባታ የሚቆረጠው ከ3 እስከ 5 ዓመት የሞላው ግንድ ነው፤ በቀዝቃዛው ወራት ከተቆረጠ ነቀዝ ብዙም አያጠቃውም።