ዓለም ነው ወይስ ጨዋታ? የአንድ ስያሜ ክርክር ፖለቲካዊ ታሪክ

ስለ መንግሥትና ስለ ሕዝብ ውል ማንበብ የለመደ ሰው የኮምፒዩተር ጨዋታ ታሪክ ሲቀርብለት «ይህ የልጆች ጉዳይ አይደለምን?» ቢል አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ በሺህና በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች በኢንተርኔት ተገናኝተው ለዓመታት የነገዱባቸው፣ የተዋጉባቸው፣ አልፎ ተርፎም ተወካይ የመረጡባቸው የሚና ጨዋታዎች ለፖለቲካ ተማሪ ችላ የሚባሉ አይደሉም። በእነዚህ ጨዋታዎች ዙሪያ ከአርባ ዓመት በላይ የዘለቀ አንድ ክርክር አለ። የምንገባበት ነገር ራሱን የቻለ ዓለም ነው ወይስ ጨዋታ? ላይ ላዩን ሲያዩት የዘውግ ክርክር ይመስላል። ጠጋ ብለው ሲመረምሩት ግን ማን ይጠበቅ፣ ማን ይጋለጥ፣ ደንብ ሲለወጥስ ማን ይጠየቅ የሚል ጥያቄ ሆኖ ይገኛል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

፩. በአንድ በር የገቡ አራት ዓይነት ሰዎች

ነገሩ የሚጀምረው በ1978 በእንግሊዝ አገር፣ በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሮይ ትራብሾ የተባለ ተማሪ በዩኒቨርሲቲው ኮምፒዩተር ላይ «ሙድ» የተሰኘ ፕሮግራም መጻፍ ጀመረ፤ ከ1980 ወዲህ ሥራውን ሪቻርድ ባርትል ተረከበው። ሥዕል የሚባል ነገር አልነበረውም። ጫካው፣ ቤቱ፣ ውድ ሀብቱ በሙሉ በጽሑፍ ይገለጻል፤ ተጫዋቹም ትእዛዙን በጽሑፍ ይሰጣል። አዲስ ነገሩ ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ በአንድ ሥፍራ መገኘታቸው ነበር። ከፍተኛው ማዕረግ ላይ የደረሰ ተጫዋች «ጠንቋይ» ይባላል፤ በሌሎቹም ላይ ሥልጣን ይኖረዋል።

ከ1989 መጨረሻ እስከ 1990 አጋማሽ ድረስ የዚህ ጨዋታ ተተኪ ነባር ተጫዋቾች «ሰዎች ከዚህ ነገር የሚሹት ምንድን ነው?» በሚል ጥያቄ ለወራት ተከራከሩ። ባርትል የክርክሩን ፍሬ አጣርቶ በ1996 ባሳተመው ጽሑፍ ተጫዋቾችን በአራት ከፈላቸው። አንዳንዱ ነጥብና ማዕረግ ለመሰብሰብ ይመጣል። አንዳንዱ ዓለሙን ለማሰስ፣ ሌላው ከሰው ጋር ለመጫወትና ለመወያየት፣ የቀረው ደግሞ በሌላው ላይ ጉልበቱን ለማሳየት ይገባል። ከክፍፍሉ ይልቅ እኔን የሚማርከኝ ባርትል ያስከተለው ሐሳብ ነው። የአንዱ ወገን ቁጥር የሌላውን ይወስናል፤ ገዳዮች ሲበዙ ለወሬና ለወዳጅነት የመጡት ይሸሻሉ፤ ስለዚህ ሚዛኑን የሚጠብቅ አስተዳዳሪ ያስፈልጋል። «ጨዋታው ራሱ ይዳኛል» የሚለው እምነት ገና በጽሑፍ ዘመን ተፈትኖ ነበር ማለት ነው።

በ1989 በአሜሪካ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ጄምስ አስፕነስ «ታይኒ ሙድ»ን ሲያወጣ ክርክሩ ሌላ መልክ ያዘ። በዚህ ሥፍራ ዋናው ነገር ውጊያና ነጥብ መሆኑ ቀርቶ መገንባትና መጨዋወት ሆነ። አሸናፊ የሌለው ነገር ጨዋታ ይባላልን? ስሙን በሚመለከት ስምምነት ሳይደረስ ሰዉ ገብቶ መኖር ጀመረ።

፪. ዙፋን የለቀቁት ጠንቋዮች

ከዚሁ ወገን የሆነው «ላምዳሙ» በ1990 ተከፈተ። ባለቤቱ በካሊፎርኒያ በዜሮክስ የምርምር ማዕከል ይሠራ የነበረው ፓቬል ከርቲስ ነው። እርሱና ባልደረቦቹ የነዋሪውን ጠብ መዳኘት ሲሰለቻቸው በ1992 መጨረሻ «ከእንግዲህ እኛ መሣሪያውን ብቻ እንጠግናለን፤ ማኅበራዊውን ጉዳይ ራሳችሁ ጨርሱት» የሚል ይዘት ያለው መግለጫ አወጡ።

ወራት ሳይቆጠሩ፣ በ1993፣ አንድ ተጫዋች በሠራው ብልሃት የሌሎችን ገጸ ባሕርያት ያለ ፈቃዳቸው በአደባባይ ወሲባዊ ድርጊት ሲፈጽሙ አስመሰላቸው። ተበዳዮቹ ይባረርልን አሉ። ሌሎች ደግሞ የተጻፈ ቃል እንጂ የተነካ አካል የለም፤ የከፋው መስኮቱን ይዝጋ ብለው ተከራከሩ። ልብ በሉ፤ ክርክሩ ስለ ጥፋቱ ክብደት ብቻ አልነበረም፤ የቆሙበት መሬት ዓለም ነው ወይስ ጨዋታ የሚለው ጥያቄ መልሶ ተነሣ። ዓለም ከሆነ ጥፋቱ ወንጀል ነው፤ ጨዋታ ከሆነ ባለጌ ቀልድ ነው። ፍርድ የሚሰጥ አካል ስላልነበረ በመጨረሻ አንድ ጠንቋይ በራሱ ውሳኔ ጥፋተኛውን ሰረዘው። ከርቲስ ከዚህ በኋላ ነዋሪው አቤቱታ አቅርቦ ድምፅ የሚሰጥበት ሥርዓት ዘረጋ። በ1996 ግን ጠንቋዮቹ ጠጋኝ ብቻ መሆን እንደማይቻል አስታውቀው ሥልጣናቸውን መልሰው ያዙ። ማጥፊያው በእጁ ያለ ሰው ገለልተኛ ነኝ ቢል እንኳ ዝምታው ራሱ ለአንዱ ወገን ይፈርዳል።

፫. በጎቹ የሄዱበት ዓለም

በመስከረም 1997 «ኡልቲማ ኦንላይን» ከቴክሳስ ወጣ። ባለቤቱ ሪቻርድ ጋሪዮት ለዚህ ዘውግ ዛሬ የምናውቀውን ረጅም ስም በማስተዋወቅ የሚጠቀስ ሰው ነው። ዋናው ነዳፊ ራፍ ኮስተር ደግሞ ከጽሑፍ ጨዋታዎቹ መንደር የመጣ ነበር። ሐሳባቸው ዓለም መፍጠር ነበር። ተጫዋቹ ጀግና ብቻ ሳይሆን ዳቦ ጋጋሪ፣ ልብስ ሰፊ፣ አንጥረኛ ወይም ዓሣ አጥማጅ ሆኖ መኖር ይችላል። አውሬው እንኳ ተርቦ እንዲያድን፣ የሚያድነው ሲያጣ እንዲቸገር ታስቦ ነበር፤ ሰዉ ግን እንስሳውን ሁሉ ከመጤፍ ሳይቆጥር ጨረሰውና ዕቅዱ ቀረ። ገና በሙከራው ወቅት፣ በነሐሴ 1997፣ ጋሪዮት በንጉሥ አምሳል በሕዝቡ ፊት ቆሞ ሳለ አንድ ተጫዋች በእሳት አስማት ገደለው። የሚመጣው ከዚያ ይታወቅ ነበር።

በከተማ ውስጥ ዘበኛ አለ፤ ከከተማ ውጭ የለም። አዲስ ገቢው በር ወጣ ብሎ እንጨት ሲቆርጥ ይገደላል፤ ንብረቱም ይዘረፋል። ነዳፊዎቹ ሕዝቡ ራሱን አደራጅቶ ሥርዓት ያቆማል ብለው ተስፋ አደረጉ። በከፊል ሆነ፤ ተጫዋቾች መንደር መሠረቱ፣ ጠባቂ ጓድ አቋቋሙ። የገዳዩን ስም በቀይ የሚጽፍ ደንብም ተጨመረ። ግን አልበቃም። ገዳዮቹ ሲወቀሱ መልሳቸው «የዘውጉ ጠባይ ነው፤ አደጋ የሌለበት ዓለም ምን ዓለም ነው?» የሚል ነበር።

በ2000 ዓለሙ ለሁለት ተባዛ። «ፈሉካ» እንደ ቀድሞው ሆኖ ሲቀር «ትራመል» በተባለው ምድር ያለ ፈቃድ ሰውን መግደል ተከለከለ። አብዛኛው ሕዝብ ወደ ትራመል ነጎደ፤ ባዶ የቤት መሥሪያ ቦታ መገኘቱም ስደቱን አፋጠነው። ተኩላዎቹ በጎቹ ጥለዋቸው ሲሄዱ ዘውጉ ሞተ ብለው ጮኹ። የደንበኛው ቁጥር ግን አድጎ በ2003 ወደ 250,000 ደረሰ።

ፍርዱን እዚህ ላይ ጨርሶ መዝጋት ግን አይገባም። ከገዳዮቹ ጋር አብረው የከሰሩ ነበሩ። እነዚያ መንደር ጠባቂዎች አደጋው ሲጠፋ ሥራቸውም፣ ክብራቸውም አብሮ ጠፋ። ጸጥታው ከላይ በትእዛዝ ሲመጣ ከታች የተጀመረው የመደራጀት ልምድ ትርጉም አጣ። በ1999 የወጣው «ኤቨርክዌስት»ም ሆነ በ2004 የወጣው «ዎርልድ ኦፍ ዎርክራፍት» ከመነሻው ሰላም ፈላጊውንና ጦር ፈላጊውን በተለያየ ሰርቨር ለይተው ጀመሩ። ገበያው የተከተለው ይህን መንገድ ነው።

የኮሪያ ታሪክ ደግሞ ሌላ ነው። በዚያ በ1998 የተጀመረው «ሊኔጅ» መሠረቱ የቤተ መንግሥት ከበባ ነበር፤ ግንብ የያዘ ግብር ይሰበስባል። በተከታዩ «ሊኔጅ 2»፣ «ባርትስ» በተባለው ሰርቨር ላይ፣ አንድ ኃያል ኅብረት ማደኛ ሥፍራዎችን በሞኖፖል ይዞ ግብር ቢያከብድ በ2004 ተራ ተጫዋቾች አመፁ። የጦር ልብስ መግዣ ያልነበራቸው ድሆች በርካሽ እጀ ጠባብ በብዛት ተሰልፈው ኃያላኑን አሸነፉ። ከድሉ በኋላ ግን ኅብረታቸው በውስጥ ጠብ ላላ። ይህን ታሪክ የሚያውቅ ሰው «ተጫዋች የሚወደው ሰላምን ነው» ብሎ አይደመድምም። የኮሪያው ተጫዋች ጦርነቱን ተቀብሎ ነው የገባው፤ ያመፀው በጦርነቱ ላይ ሳይሆን በግፉ ላይ ነው።

፬. መውጣትና ድምፅ ማሰማት

ኢኮኖሚስቱ አልበርት ሂርሽማን በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ድርጅት ወይም መንግሥት ሲበላሽ ለሰው ሁለት መንገድ እንዳለው አስተምሯል፤ ጥሎ መውጣት ወይም ድምፅ ማሰማት። ሁለቱንም የሚያሳዩ ሁለት ጨዋታዎች በ2003 ወጡ።

«ስታር ዎርስ ጋላክሲስ» ከሠላሳ በላይ ሙያዎች ነበሩት። ሰው በሙዚቀኛነት፣ በሐኪምነት ወይም በልብስ ስፌት ታዋቂ ሊሆን ይችል ነበር። በኅዳር 2005 ሶኒ ኦንላይን ሙያዎቹን ወደ ዘጠኝ አወረዳቸው፤ ውጊያውንም ወደ ፈጣን ተኩስ ለወጠው። በብዙ ወራት ድካም ይገኝ የነበረው የጄዳይነት ማዕረግ ማንም በመጀመሪያው ቀን የሚመርጠው ሆነ። ለውጡ የመጣው ደንበኞች አዲስ ተጨማሪ ክፍል በገዙ በሳምንታት ውስጥ ስለነበር ኩባንያው ገንዘብ ለመመለስ ተገደደ። አዲስ ሕዝብ ይመጣል ተብሎ የነበረው ሕዝብ ሄደ፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ። ጨዋታው በታኅሣሥ 2011 ተዘጋ።

በአይስላንድ የተሠራው «ኢቭ ኦንላይን» ከመጀመሪያው ቀን የተናገረው ቃል ግልጽ ነበር፤ በዚህ ጠፈር ውስጥ ማታለልና መዝረፍ አለ። ተዘራፊውም ያዝናል እንጂ ተታለልኩ ብሎ ሠሪውን አይከስም። ነገር ግን በ2007 የኩባንያው አንድ ሠራተኛ ለራሱ ወገን ያለ አግባብ ጥቅም መስጠቱ ሲታወቅ ያ ሁሉ ሌባ በአንድ ድምፅ ጮኸ። ሌብነት በደንቡ የተፈቀደ ነበር፤ የዳኛ ማዳላት ግን ከውሉ ውጭ ነበር። በ2008 ተጫዋቾች የሚመርጡት አማካሪ ምክር ቤት ተቋቋመ። በ2011 የጌጣጌጥ ዋጋ መናርና የኩባንያው አካሄድ ተጫዋቹን ባስቆጣ ጊዜ ሰልፈኞች በዋናው የገበያ ጣቢያ ተሰብስበው ሐውልት ላይ ተኮሱ፤ ምክር ቤቱ ወደ አይስላንድ ተጠራ፤ በዚያው ዓመት የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ በጽሑፍ ይቅርታ ጠየቀ። ምክር ቤቱ የመምከር እንጂ የመወሰን ሥልጣን እንደሌለው መዘንጋት አይገባም። ቢሆንም ሰው የሚናገርበት ደጅ ስላገኘ ብዙው ጥሎ ከመውጣት መናገርን መረጠ።

፭. ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ የምወስደው፣ «ጠባዩ ነው» የሚል መከራከሪያ ሲሰማ ጠባዩን የሰየመው ማን እንደሆነና በስያሜው የሚጠቀመው ማን እንደሆነ መጠየቅ እንደሚገባ ነው። በላምዳሙ «ቃል ብቻ ነው» ያሉት የተጎዱት አልነበሩም፤ በኡልቲማም «አደጋ ውበት ነው» ያሉት ሟቾቹ አልነበሩም። ተጫዋቾች ከጨካኝ ደንብ ይልቅ የተሰበረ ቃል እንደሚያስመርራቸው ኢቭና ጋላክሲስ ጎን ለጎን ሲታዩ ያስረዳሉ።

ምሳሌው የሚያቆምበት ቦታም አለ። ተጫዋች ከፋኝ ካለ የወር ክፍያውን አቋርጦ ወደ ሌላ ዓለም ይሻገራል፤ ኩባንያውም ይህን ስለሚያውቅ ይፈራዋል። ዜጋ ግን አገሩን እንዲህ በቀላሉ አይለውጥም፤ የሚለውጥም ቢሆን ብዙ ከፍሎ ነው። መውጫው በጠበበ ቁጥር የድምፁ ደጅ መስፋት አለበት። በጨዋታ ውስጥ እንኳ ሰዎች ምክር ቤት እስከ መምረጥ የደረሱት መናገሪያ ሲያጡ ምን እንደሚመጣ አይተው ነውና፣ ከጨዋታ ውጭ ያለን ሰዎች ጉዳዩን ከእነርሱ አሳንሰን ልናየው አይገባም።